ከእንጦጦ ራጉኤል እስከ ባዝ፤ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሕይወት

በሐዋሳ ከተማ በቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን፣ የሰንበት ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ወደ ካህናቱ ቀርበው ጥያቄ የሚያቀርቡ ወጣቶች ጥቂቶች አይደሉም። ከእነርሱ አንዱ በዩኒቨርሲቲው የሚማር ነው፤ አንዲቱ በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስትሰፋ የምትውል ናት፤ ሌላው በሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነው። የሁሉም ጥያቄ ሲጨመቅ አንድ ይሆናል። የሥራው ሰዓት የጸሎትን ሰዓት በማያውቅበት፣ አለቃው የሥራውን ብዛት እንጂ የሠራተኛውን ኅሊና በማይጠይቅበት፣ በትምህርት አዳራሹም የእግዚአብሔር ስም ሳይነሣ ዓመቱ በሚያልፍበት ስፍራ፣ ክርስቲያን ሆኖ መኖር እንዴት ይቻላል?

እኛ መምህራን ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የምንሰጠው መልስ ከገድላት የተቀዳ ነው። ዓለምን ንቀው ወደ ገዳም የገቡትን፣ በዐላውያን ነገሥታት ፊት ቆመው አንገታቸውን ለሰይፍ የሰጡትን እናነሣለን። መልካም ነው፤ ያለ እነርሱ ቤተ ክርስቲያን ምን መልክ ይኖራት ነበር? ነገር ግን ልብስ ሰፊዪቱ ልጅ እናቷንና ታናናሾቿን በደመወዟ የምትረዳ ናትና ነገ ተነሥታ ወደ ዋልድባ ልትሄድ አትችልም። ሰይፍ መዝዞ የመጣባትም የለም። እርስዋን የሚፈትናት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚመጣው መርሳት ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ከገዳም ሳይሆን ከመሥሪያ ቤት አንድ ሰው ልናነሣ ወደድን። እኒህ ሰው ሐዋሳ ከመቈርቈሯ ከሃያ ዓመት በላይ አስቀድሞ ያረፉ ናቸውና ይህችን ከተማ አላዩም፤ የከተማዪቱን ጥያቄ ግን ከብዙዎቻችን ቀድመው አይተውታል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ፣ ዴን በሚባል ስፍራ ተወለዱ። መጀመሪያ የሚጠሩበት ስም ገብረ መስቀል ነበር። አባታቸው ወልደ ሥላሴ ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሰጡት፤ ነገር ግን ልጁ ገና ለጋ ሳለ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከዚያ በኋላ ኅሩይ እንደ ብዙ የዘመኑ ተማሪ መምህር እየፈለጉ ከአገር አገር ሄደው፣ በመጨረሻ ወደ እንጦጦ ወጥተው በቅዱስ ራጉኤል ደብር ተቀመጡ። በዚያም ግእዙን፣ ቅዱሳት መጻሕፍቱንና የጽሕፈቱን ሥራ አጠኑ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመንግሥት ጽሕፈት ቤት የሚባለው ነገር ሲቋቋም፣ በአገሪቱ ውስጥ ብዕር ይዞ መጻፍ የሚችል ሰው የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበረ ማለት ይቻላል። ዳዊት የሚጽፈው እጅ የመንግሥትን ደብዳቤ ጻፈ፤ የብራናው ቀለም ወደ ወረቀት ተሻገረ። ዛሬ ዓለማዊ የምንለው መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ሚኒስቴሩም ማዘጋጃ ቤቱም ፍርድ ቤቱም፣ መጀመሪያ የቆመው በደብተራና በመሪጌታ ልጆች ነው። ይህን ዘንግተን መሥሪያ ቤቱን እንደ ባዕድ አገር ስናየው ይገርመኛል። ኅሩይም ከእንጦጦ ወርደው በቤተ መንግሥቱ በጽሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ሥር ከሚሠሩት ጸሐፊዎች አንዱ ሆኑ።

ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወደ ቤተ መንግሥት የገቡ ሰዎች በዚያን ጊዜ ብዙ ነበሩ። ብዙዎቹ ሹመቱን ሲያገኙ ትምህርቱን እንደ አሮጌ ልብስ አውልቀው ጣሉት፤ ሌሎች ደግሞ ትምህርቱን ይዘው አዲሱን ነገር ሁሉ እንደ ርኩስ ቈጠሩት። የኅሩይ መንገድ ከሁለቱም የተለየ እንደ ነበረ የሚታየው ከመጀመሪያ ሥራቸው ነው። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት በየስማቸው ቈጥረው አንድ ዝርዝር አሳተሙ። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በየዕቃ ቤቱ፣ በየደብሩና በየገዳሙ ተበትኖ የኖረውን የአባቶች ሀብት በስም ጠርቶ በአንድ ደብተር ማግባት፣ ምን እንዳለንና ምን እንደ ጎደለን ማወቅ፣ ከዚያ በፊት በዚህ መልክ ያልተለመደ ነበር። የመቍጠሩ ዘዴ የዘመናዊ ቤተ መጻሕፍት ዘዴ ነው፤ የተቈጠረው ግን ስንክሳሩ፣ ሃይማኖተ አበውና ገድላቱ ነው። ዝርዝሩን በ1920 ዓ.ም. አስፍተው ደግመው አሳትመውታል።

ይህ የመጀመሪያው ዝርዝር ከመታተሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ አምስተኛው ጊዮርጊስ ዘውድ ሲጭን፣ በኋላ ራስ የተባሉት ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ወደ ሎንዶን ሲሄዱ ኅሩይ አብረው ሄደው ነበር። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በደጃዝማች ናደው የሚመራው መልእክተኛ ቡድን ወደ አውሮፓና እስከ አሜሪካ ሲሻገር ከከንቲባ ገብሩ ጋር ከአባላቱ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌምና በግብፅ በኩል ወደ አውሮፓ ባደረጉት ታላቅ ጉዞም ተከትለው ሄደዋል፤ ስለዚያም ጉዞ ደስታና ክብር የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። ከመርሐ ቤቴ የወጣ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ በዋሺንግተን፣ በፓሪስና በሎንዶን አደባባይ ቆመ ማለት ነው። ባሕሩን የተሻገረ ሰው ሲመለስ ወይ አገሩን ይንቃል፣ ወይ ያየውን ይክዳል፤ እርሳቸው ግን ሲመለሱ መጻፍ ያዙ።

በመንግሥት ሥራቸው ስለ ያዙት ሹመት ሁሉ በዝርዝር መናገር አያስፈልግም። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት ሥራ መርተዋል፤ መንገድና ውሃ፣ ቦታና ክርክር፣ የከተማ ሰው ሁሉ የሚያጕረመርምበት ሥራ ነው። ከዚህ ይልቅ ልብ ማለት የሚገባው ልዩ ፍርድ ቤት የተባለውን ነው። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ውል መሠረት፣ ኢትዮጵያዊና የውጭ አገር ሰው ሲካሰሱ የውጭው አገር ቆንሲል ባለበት ይዳኙ ነበር። ኅሩይ የዚህ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ዳኛ ሆኑ። አንድ ወገን ድኻ የአገር ልጅ፣ ሌላው ወገን ቆንሲሉን ይዞ የሚመጣ ነጋዴ፤ ዳኛው ለወገኑ ቢያዳላ አገሪቱ ፍርድ አታውቅም ይባላል፤ ለእንግዳው ቢያዳላ የድኻው እንባ ይቀራል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ፊት አይቶ አለመፍረድ የሚባለው ነገር፣ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ሲነበብ ሁሉም አሜን ይለዋል። ቆንሲል አጠገብ ተቀምጦ ግን መዝገብ ላይ መፈረም ይጠይቃል።

አሁን ወደ መጻሕፍቶቻቸው እንምጣ፤ ምክንያቱም የእኒህ ሰው ልብ በዚያ ይገኛል። ቀን የመንግሥትን ሥራ እየሠሩ፣ በዕረፍት ጊዜያቸው ከሃያ የማያንሱ መጻሕፍትን ጽፈዋል። ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤትም አቋቋሙ። በ1918 ዓ.ም. የጥንቶቹንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው መጽሐፈ ቅኔ ብለው አሳተሙ። ቅኔ በባሕርዩ ዕለቱን ተዘርፎ ዕለቱን የሚጠፋ ነው፤ መምህሩ ሲሞት አብሮት ይቀበራል። ኅሩይ የማተሚያውን መኪና፣ ብዙዎች ካህናት የሚፈሩትን ያንን የብረት ዕቃ፣ ለቅኔ መምህራን መታሰቢያ አገልጋይ አደረጉት። ከዚያም በፊት በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት የሕይወት ታሪክ የተባለው መጽሐፍ፣ የነገሥታቱንና የመኳንንቱን ብቻ ሳይሆን የሊቃውንቱንም ስም መዝግቦ ለኋለኛው ትውልድ አቈይቷል። ዛሬ የአንድ መምህርን ታሪክ ስንፈልግ ከዚያ መጽሐፍ ሁለት መስመር ብናገኝ ደስ የሚለን ሌላ ጻፊ ስላልነበረ ነው።

በዚያው በ1915 ዓ.ም. ወዳጄ ልቤ የተባለው መጽሐፋቸው ወጣ። ሰው ከገዛ ልቡ ጋር እየተነጋገረ በዚህ ዓለም መንገድ የሚሄድበት፣ ምግባሮችና ኃጢአቶች እንደ ሰው ተመስለው የሚቀርቡበት ምሳሌያዊ መጽሐፍ ነው። የመጽሐፉ አሠራር ጆን ቡንያን የተባለው እንግሊዛዊ ሰባኪ ከጻፈው፣ በስዊድን ሚሲዮን ሰዎች አማካይነትም ቀደም ብሎ በአማርኛ ከወጣው የመንፈሳዊ ጉዞ መጽሐፍ ጋር እንደሚመሳሰል ሊቃውንት ተናግረዋል። በዚህ ምክንያት መጽሐፉን በጥርጣሬ የሚያይ ካህን ቢኖር አይደንቅም። እኔ ግን እንዲህ አየዋለሁ፤ ዕቃው ከጎረቤት የተዋሰ ነው፣ በውስጡ የተቀዳው ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ በመጽሐፍ ትርጓሜ የተማሩት ስለ ልብ ንጽሕና የሚናገረው ትምህርት ነው። አባቶቻችንም ብዙ መጻሕፍትን ከዐረብኛ ሲመልሱ እንዲሁ አድርገዋል።

የልብ አሳብ የተባለው መጽሐፋቸው ስለ ጋብቻ ነው፤ ብርሃነና ጽዮን ሞገሳ በሚባሉ ሁለት ሰዎች ታሪክ ልጆችን ያለ ዕድሜያቸው ማጋባት የሚያመጣውን ጕዳት ያሳያል። ከሁሉ ይልቅ ግን ለዛሬው ጥያቄያችን የሚቀርበው በ1925 ዓ.ም. የታተመው አዲስ ዓለም ነው፤ በእርሱም ላይ ጥቂት ልንቈይ ይገባናል።

የታሪኩ ባለቤት አወቀ የሚባል የገጠር ልጅ ነው። ትምህርት ፈልጎ ከአገሩ ይወጣል፤ ወደ ፈረንሳይ አገር ይሻገራል፤ ተምሮ ይመለሳል። ሲመለስ ዘመዶቹ በደስታ ይቀበሉታል፤ ነገር ግን ደስታው አይቈይም። አወቀ አውሮፓ ሄዶ እምነቱን ጥሎ አልመጣም፤ ይልቁንም እምነቱን ከቁም ነገር ቈጥሮ መጣ፤ ችግሩ የተነሣው ከዚህ ነው። አባቱ ሲሞቱ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ በሬ ታርዶ፣ ጠጅ ተጥሎ ታላቅ ተዝካር እንዲደረግ ይጠብቃል። አወቀ ግን ለሙት የሚጠቅመው ጸሎትና ለድኻ የሚሰጥ ምጽዋት እንጂ የጠገበ ሰው ስካር አይደለም ይላል። ሚስት ሲያገባም ዘመዶች እንደሚሹት ሳይሆን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በቍርባን መጋባት ይፈልጋል። በዚህ ሁሉ የአገሩ ሰው ሃይማኖቱን የለወጠ አድርጎ ያየዋል።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በል። በመጽሐፉ ውስጥ ክርስቲያን እንደ ሆነ የሚቈጠረው ድግስ የሚደግሰው ሰው ነው፤ ከሃዲ የሚባለው የቤተ ክርስቲያንን ቀኖና ልፈጽም ያለው ነው። ዓለማዊነት ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ በመርከብ አይመጣም፤ ብዙ ጊዜ በገዛ ቤታችን ነጠላ ለብሶ ተቀምጦ ይገኛል። ኅሩይ ይህን የጻፉት ከውጭ ሆነው የሚሳደቡ ሰው ሆነው አይደለም፤ የደብር ልጅ ናቸው። ስለ ካህናት ስንፍናና ስለ መጠጥ የጻፉትን ስናነብ ፊታችን ይቀላል፤ ይገባናልም። እስከ ዛሬ በሐዋሳም በሌላም ከተማ ለተዝካር ብለው በአራጣ ገንዘብ የሚበደሩ ቤተሰቦች አሉ፤ የንስሐ አባትም ድግሱ ላይ ከፍ ባለው ስፍራ ተቀምጦ ይመርቃል።

ታሪኩ እንዴት እንደሚፈጸም ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስደንቃል። አወቀ ተቈጥቶ የራሱን ማኅበር አላቆመም፤ ቤተ ክርስቲያንን ጥሎ ወደ ሌላ አልሄደም፤ ሃይማኖት ለኋላ ቀሮች ነው ብሎም ከተማረው ጋር አልተቀመጠም። ኅሩይ ነገሩን የሚጨርሱት ክርክሩ በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ጉባኤ ፊት ቀርቦ፣ ጉባኤውም ስለ ጋብቻና ስለ ተዝካር፣ ስለ ሌላውም ልማድ ሥርዓት እንዲያወጣ በማድረግ ነው። ይህ በታሪክ የተደረገ ሳይሆን በደራሲው ምኞት የተጻፈ ጉባኤ ነው። ነገር ግን ምኞት የሰውን ልብ ያሳያል። አውሮፓን ደጋግሞ ያየ፣ የመንግሥት ሚኒስትር የሆነ ሰው፣ ለአገሩ ልማድ መታረም የተመኘው ዳኛ ንጉሥ ወይም ፓርላማ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ነው። በጊዜው ይህን ተስፋ ያነበበ ሊቀ ካህናት ስንት እንደ ነበረ እግዚአብሔር ያውቃል።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ከጫኑ በኋላ ኅሩይ በብላቴን ጌታነት ማዕርግ የውጭ ጕዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የጃፓን መንግሥት ለዘውዱ በዓል ላደረገው ክብር ምስጋና ለማቅረብ በልዩ መልእክተኛነት ወደ ቶኪዮ ተላኩ። የጃፓኑን ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶን አዩ፤ ትምህርት ቤቶቹን፣ ፋብሪካዎቹን፣ ወደቦቹን ጐበኙ። ሲመለሱም ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ።

በዚያ ዘመን የነበሩ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ስለ ጃፓን እንዴት ይናገሩ እንደ ነበረ ለማሰብ አያስቸግርም። ጃፓን እንደ እኛ በባዕድ ያልተገዛች፣ ጥንታዊ የነገሥታት ዘር ያላት፣ ረጅም ዘመን ደጇን ዘግታ የኖረች አገር ናት። በዐምሳ፣ በስድሳ ዓመት ውስጥ የአውሮፓን ጥበብ ተምራ፣ መርከብና መድፍ ሠርታ፣ በ1897 ዓ.ም. ሩስያን የሚያህል ኃያል መንግሥት ድል ነሥታለች። ይህንም ስታደርግ የራሷን ልማድና ሃይማኖት አልጣለችም። ኅሩይን የማረካቸው ይህ ነበር። የእጅን ጥበብ ከጎረቤት መውሰድ፣ የልብን ሀብት ግን በቤት ማስቀመጥ የሚቻል መሆኑን በዓይናቸው ያዩ መሰላቸው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥትም የጃፓኑን ምሳሌ የተከተለ ነበርና እንዲህ ያሰቡት እርሳቸው ብቻ አልነበሩም።

በዚህ ነገር ግን ትልቁን ሰው ከትልቅ አክብሮት ጋር ልንቃወማቸው ይገባል። ኅሩይ ወደ ጃፓን በሚጓዙበት በዚያው መከር፣ በመስከረም 1924 ዓ.ም.፣ የጃፓን ጦር ማንቹሪያን መውረር ጀምሮ ነበር። የአባቶቿን ልማድ ጠብቃ የያዘችው ጃፓን ያንኑ ልማድ ለንጉሥ አምልኮና ለጦር ሠራዊት አገልጋይ አድርጋው ነበር። ሃይማኖትን እንደ ርስትና እንደ አገር ጌጥ መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ለሃይማኖት መታዘዝ ሌላ ነው። ጌጥ የሆነ ሃይማኖት የጎረቤትን መሬት ከመቀማት አያግድም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ በፋሺስት ኢጣልያ እጅ ሳለች ጃፓን ከኢጣልያ ጋር ተስማምታ ወረራውን በተግባር ተቀበለች። መጽሐፉን በደስታ የጻፉት ሰው ያን ጊዜ በስደት ላይ ነበሩ።

ይህን ያነሣሁት ለትችት አይደለም። ዛሬ በከተሞቻችን የሚታየው ፈተና ይኸው ስለ ሆነ ነው። በጥምቀት ቀን ነጭ ለብሶ ከታቦት ፊት የሚዘምረው ወጣት፣ በማግሥቱ በመሥሪያ ቤቱ ጉቦ ሲቀበል እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ትናንትና የነበረው በዓል ነው፣ ዛሬ ያለው ሥራ ነው ይላል። ኦርቶዶክሳዊነት ባህሌ ነው የሚለው ቃል ለእምነት መጠበቂያ መስሎ ይነገራል፤ ነገር ግን ባህል የሆነ እምነት ቀጠሮ አለው፣ በቀጠሮው መካከል ሰውን ነፃ ይለቀዋል። ኅሩይ በጃፓን መጽሐፋቸው ይህን ልዩነት አላዩትም ብል አጥፍቻለሁ አልልም። በአዲስ ዓለም ግን፣ ከዚያ አንድ ዓመት በኋላ፣ ፈጽመው አይተውታል፤ አወቀ የተጣላው ባህልን ከእምነት በላይ ካደረጉት ጋር ነውና። አንድ ሰው በአንዱ መጽሐፉ የሳተውን በሌላው ሲያገኝ ማየት ደስ ያሰኛል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ለመጽሐፍ የሚሆን ዘመን አልነበረም። በ1927 ዓ.ም. የወልወል ጠብ ተነሣ፤ የውጭ ጕዳይ ሚኒስትሩ ሌሊትና ቀን ደብዳቤ ወደ ጄኔቭ ሲልኩ ከረሙ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር የተባለው ጉባኤ ቃሉን እንዳልጠበቀ የታወቀ ነው። በስሙ የክርስቲያን አገር የተባለው ኢጣልያ፣ ከኢትዮጵያ በፊት ወንጌልን የሰማ፣ የመርዝ ጋዝ ከአየር ላይ አዘነበ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲወጡ አብረው ወጡ፤ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። የኢትዮጵያን ታሪክ የሚናገረው ሰፊ መጽሐፋቸው በዚያው ጊዜ በማተሚያ ቤቱ ሳለ የጠላት ጦር ገባ።

በባዝ ከተማ ፌርፊልድ ሐውስ በተባለው ቤት የተቀመጡት ስደተኞች ኑሮ ጠባብ ነበር። ገንዘብ አጥሯል፤ ብርዱ የማይለመድ ነው፤ ከአገር የሚመጣው ወሬም ሞት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው በሰማዕትነት ዐረፉ። በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 በኋላ ፋሺስቶች የተማሩትን ወጣቶች እየፈለጉ ሲገድሉ፣ በእንግሊዝ አገር ያስተማሩት ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ ከተገደሉት አንዱ ሆነ። ከመርሐ ቤቴ ወጥቶ ትምህርት ፍለጋ የተንከራተተው አባት፣ ልጁን እርሱ ያላገኘውን ትምህርት አስተምሮ፣ በትምህርቱ ምክንያት ሲገደል ከሩቅ አገር ሆኖ ሰማ። እንዲህ ያለውን ኀዘን እንዴት እንደ ቻሉት ልንናገር አንደፍርም። በገዛ እጃቸው ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ የተባለ መጽሐፍ የጻፉት ገና በ1910 ዓ.ም. ነበር።

ዙሪያውን ቤተ ክርስቲያን ሞልቷል፤ ነገር ግን የእነርሱ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። በቤቱ ውስጥ ለጸሎት የሚሆን ስፍራ ተዘጋጅቶ፣ ስደተኞቹ እንደ አገራቸው ሥርዓት ይጸልዩ ነበር። ደብር የለም፣ ጽናጽልና ከበሮ የሚሰማበት በዓል የለም፣ በዐደባባይ ክርስቲያን ተብሎ የሚያከብር ሰው የለም፤ የቀረው የጸሎት ሰዓትና የሚጸልየው ሰው ብቻ ነው። ከሐዋሳ ፋብሪካ የሌሊት ሥራ ጨርሳ በማለዳ ብቻዋን በአውቶቡስ መስኮት አጠገብ ውዳሴ ማርያም የምትደግመው ልጅ፣ ይህን ቤት ብታየው አይጠፋትም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በዚያው በፌርፊልድ ሐውስ ዐረፉ። ዕድሜያቸው ስድሳ ዓመት ነበር። አገራቸው ነፃ ስትወጣ ሳያዩ በባዝ ከተማ መቃብር ተቀበሩ። ሌላው ልጃቸው ሲራክ ኅሩይ፣ እርሱም በእንግሊዝ አገር የተማረ፣ ከነፃነት በኋላ ሳሙኤል ጆንሰን ስለ ሐበሻው መስፍን ራሴላስ የጻፈውን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መለሰ። የአባቱም ዐፅም ከባዕድ ምድር ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጸሎት ተደርጎለት ዐረፈ።